«ይህ ልጅ ወደፊት ምን ይገጥመዋል?»
በዘር ስለሚተላለፍ የሕፃናት የኩላሊት ሕመምና ስለ ካህናት ድርሻ በጉንደ ወይን ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የዛሬው ርእሳችን ኮሚሽናችን በአብዛኛው ከሚታወቅባቸው ከንጹሕ ውኃ፣ ከችግኝና ከመስኖ ሥራ ራቅ ያለ ይመስላል። ነገር ግን በየአጥቢያው በምንዞርበት ጊዜ ከሰበካ ጉባኤያት የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። «ኩላሊቱን የታመመ ልጅ አለ፤ ገንዘብ እናሰባስብ ወይስ ጠበል ይግባ? ተስፋስ አለው?» የሚል ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥያቄው ከዚህ ይከብዳል፤ «ታላቅ ወንድሙም እንዲሁ ሆኖ ነበር ያረፈው፤ ታናሺቱስ ምን ትሆን ይሆን?» ይባላል። ይህን ጥያቄ ቤተሰቡ ከሐኪሙ አስቀድሞ የሚያቀርበው ለንስሐ አባቱ ነው። ስለዚህ አባቶች መልሱን ባይይዙም መልሱ ከየት እንደሚገኝ ሊያውቁ ይገባል።

በመጀመሪያ አንድ ቃል እናጥራ። ሐኪሞች የሕመምን የወደፊት አካሄድ አስቀድመው ሲገምቱ «ትንበያ» ይሉታል። ትንበያ ትንቢት አይደለም፤ ጥንቆላም አይደለም። ገበሬ በነሐሴ መጨረሻ ማሳው ዳር ቆሞ የጤፉን አቋም አይቶ «ዘንድሮ ይህን ያህል ኩንታል ይወጣዋል» እንደሚለው ያለ ነገር ነው። ግምቱ ከልምድና ከሚታይ ምልክት የመጣ ስለሆነ ይታመናል፤ ሆኖም በረዶ ሊመታው እንደሚችል፣ አረም በወቅቱ ቢነቀልለት ደግሞ ከግምቱ በላይ ሊሰጥ እንደሚችል ገበሬው ያውቃል። የሕፃን ኩላሊት ትንበያም እንዲሁ ነው። አረሙ የሚነቀልበት ጊዜ እንዳያልፍ ነው አስቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልገው።

ሁለቱ ኩላሊቶቻችን እያንዳንዳቸው ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሏቸው። ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን በሕይወቱ ሙሉ የሚጠቀምባቸውን ማጣሪያዎች ሁሉ ይዞ ይወለዳል፤ ከዚያ በኋላ የጠፋው አይተካም። ከዚህ የተነሣ የልጅ ኩላሊት ሕመም የሚመዘነው ዛሬ በሚሰማው ሕመም አይደለም። ስንቱ ማጣሪያ እንደ ቀረና የቀረው በምን ፍጥነት እየጠፋ እንደሆነ ነው የሚመዘነው። ልጁ እየሮጠና እየተጫወተ ግማሹን ሊያጣ ይችላል።

ወደ ዘር ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ፊቱ ያበጠ ወይም ሽንቱ እንደ ጠላ የጠቆረ ልጅ ሁሉ የዘር ሕመም የለበትም። ከጉሮሮ ሕመም ወይም ከቆዳ ቁስል ሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ የሚመጣ የኩላሊት መቆጣት አለ፤ አብዛኞቹ ልጆች ከዚህ ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። ፕሮቲን በሽንት እየፈሰሰ ሰውነትን የሚያሳብጠውም ሕመም በብዙ ልጆች ላይ በመድኃኒት ይመለሳል። «የዘር ነው» የሚለው ቃል በችኮላ ከወጣ ሊድን የሚችለውን ልጅ እናቱ ተስፋ ቆርጣበት ቤት ታስቀምጠዋለች። ቃሉን ሐኪም ይናገረው።

የዘር የሚሆነው ግን እንዴት ይተላለፋል? እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ከማንም የተሻለ መግቢያ አለው፤ ሰባት ቤት መቁጠርን ያውቃል። ልጅ ለመዳር ሽማግሌ ሲላክ ዘር ይቆጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት የተገናኘ አይጋባም። ይህ ሥርዓት የቆመው ለሕክምና ተብሎ አይደለም። ቢሆንም ለሕፃናት ኩላሊት ያደረገውን ጥበቃ በቁጥር ማሳየት ይቻላል።

አንዳንድ የዘር ሕመም የሚገለጠው ልጁ የተበላሸውን ዘረ መል ከአባቱም ከእናቱም ሲወርስ ብቻ ነው። አባትና እናት አንድ ጤነኛና አንድ የተበላሸ ቅጂ ይይዛሉ፤ ራሳቸው ምንም አይሰማቸውም። ከዚህ ወገን አንዱ በሁለቱም ኩላሊቶች ላይ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን ከረጢቶችን የሚያበዛው፣ ጉበትንም የሚጎዳው የሕፃናት ሕመም ነው። ይህን የሚያመጣው ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ2002 ተለይቶ ታውቋል። በዓለም ደረጃ ከ20,000 ሕፃናት በአንዱ ላይ ይገኛል ተብሎ ይገመታል፤ ይህ ማለት ከ70 ሰው አንዱ ገደማ ሳያውቀው የተበላሸውን ቅጂ ተሸክሟል ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ተሸካሚ ሰው ዘመዱ ያልሆነችን ሴት ቢያገባ እርሷም ተሸካሚ የመሆኗ ዕድል ከ70 አንድ ነው። የአጎቱን ልጅ ቢያገባ ግን ዕድሉ ከ8 አንድ ይሆናል። አንድ ትውልድ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ይህ ዕድል በአራት እጅ ይቀንሳል፤ ከ8 ወደ 32፣ ከ32 ወደ 128 እያለ ይሄዳል። ሰባተኛው ቤት ሲደረስ በዝምድና የተነሣ የሚመጣው ተጨማሪ አደጋ ከቁጥር አይገባም። የአጎትና የአክስት ልጆች መጋባት በተለመደባቸው የዓለም ክፍሎች የሕፃናት ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ሕመም አብዝተው ማየታቸው ከዚህ የመጣ ነው።

ይህን ስሰብክ ግን ሥርዓቱን ከሚችለው በላይ እንዳላሸክመው መጠንቀቅ አለብኝ። ሰባት ቤት የማይከለክለው የዘር ሕመም አለ። ከአባት ወይም ከእናት ከአንዳቸው ብቻ ቢወረስ የሚበቃ ሕመም ቢሆን፣ ባልና ሚስት ምንም ያህል ቢራራቁ እያንዳንዱ ልጅ የመውረሱ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። በአዋቂዎች ላይ ዘግይቶ የሚታወቀው፣ ኩላሊትን በትላልቅ ከረጢቶች የሚሞላው ሕመም ከዚህ ወገን ነው፤ ከዘር የኩላሊት ሕመሞች ሁሉ የሚበዛውም እርሱ ነው። ከዚህም ሌላ ወላጆች ሁለቱም ንጹሕ ሆነው በልጁ ላይ አዲስ የሚጀምር ጊዜ አለ።

ሦስተኛው መንገድ በእናት በኩል ወደ ወንዶች ልጆች የሚወርደው ነው። በዋነኛነት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1927 ሕመሙን በገለጸው በደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም በሴሲል አልፖርት ስም የሚጠራው ነው። ምልክቱ በሽንት ውስጥ በዐይን የማይታይ ደም፣ ከዚያ እያደር የጆሮ መድከም፣ በመጨረሻም የኩላሊት መድከም ነው። እዚህ ላይ ትንበያው በጣም ግልጽ ነው፤ በእናት በኩል የወረሱትና ሕክምና ያላገኙት ወንዶች ግማሾቹ 25 ዓመት ሳይሞላቸው ኩላሊታቸው ይደክማል፤ 40 ዓመት ሲሆናቸው ከ10 ዘጠኙ እዚያው ይደርሳሉ። እናቶችና እኅቶችም ፈጽመው ነጻ አይደሉም፤ ቀለል ብሎ ይያዛቸዋል እንጂ አንዳንዶቹ ለተመሳሳይ ችግር ይደርሳሉ።

አሁን አንድ ካህን ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡ። በትልቅ ሆስፒታል ያለ ስፔሻሊስት ገና በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቀው ነገር የቤተሰቡን ታሪክ ነው። «በቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም አለ?» ይላል። ከጉንደ ወይን ወይም ከሞጣ ልጇን አዝላ የሄደች እናት በድካምና በድንጋጤ «የለም» ትላለች። የእናቷ ወንድም ገና ጎረምሳ ሳለ ጆሮው ደክሞ፣ ፊቱ አብጦ መሞቱ ትዝ አይላትም፤ «በምች ሞተ» ተብሎ ነበርና። ይህን የሚያስታውሱት ዘር ቆጣሪ ሽማግሌዎችና ፍትሐቱን ያደረሱት ካህን ናቸው። ማን በስንት ዓመቱ እንዳረፈ፣ ተዝካሩ መቼ እንደ ወጣ፣ ክርስትና ተነሥተው ያላደጉ ሕፃናት ስንት እንደነበሩ የሚያውቅ አጥቢያ ለሐኪሙ ከብዙ ምርመራ የሚበልጥ ስጦታ ይዟል። ቤተሰቡ ከመሄዱ በፊት ከሽማግሌ ጋር ተቀምጦ ሦስት ትውልድ በአንድ ገጽ ላይ ቢጻፍ፣ ወንዱ በአራት ማዕዘን፣ ሴቷ በክብ፣ የታመመው ጠቆር ተደርጎ፣ ያረፈበት ዕድሜ ከጎኑ ሰፍሮ ቢሄድ፣ ሐኪሙ ከሦስቱ መንገዶች የትኛው እንደሆነ በብዙ አጋጣሚ ከወረቀቱ ያነበዋል። በእናት በኩል ያሉ ወንዶች ብቻ ከጠቆሩ አንድ ነገር ይናገራል፤ በየትውልዱ አንድ አንድ ከጠቆረ ሌላ ይናገራል፤ ወላጆች ሁሉ ነጭ ሆነው ልጆች ብቻ ከጠቆሩ ደግሞ ሌላ።

ስለ ሾተላይም አንድ ነገር ልበል። በአንድ ቤት ሕፃናት በተከታታይ እየተወለዱ ሲሞቱ ሾተላይ እንላለን። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የእናትና የአባት የደም ዓይነት አለመጣጣም ነው፤ ለዚያም መከላከያ መርፌ አለው። ነገር ግን የሞቱት ሕፃናት ሆዳቸው በግራና በቀኝ የጠነከረና የተነፋ ከሆነ፣ በእርግዝናም ጊዜ የሽርት ውኃው አንሶ ከነበረ፣ እነዚያ ሕፃናት ቀደም ሲል ያነሣሁት የሁለት ወገን ውርስ ኩላሊት ሊኖርባቸው ይችል ይሆናል። ከዚህ ሕመም ጋር ከሚወለዱት ከ4 አንዱ ገደማ ሳንባው ባለመዳበሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ያርፋል። የመጀመሪያውን ወር የተሻገሩት ግን አብዛኞቹ ያድጋሉ፤ ከእነርሱ ግማሽ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ገደማ ኩላሊታቸው ይደክማል። ስለዚህ «የወሩን ፈተና አልፏል» የሚለው ቃል ራሱ ትንበያ ነው፤ ያለፈውን ሕፃን እንደ ሟች መቍጠር አይገባም።

ከዚህ ጋር አብራችሁ ለቤተሰብ የምታስረዱት አንድ ስሌት አለ። «ከ4 ልጆች አንዱ» ሲባል አንድ ከታመመ በኋላ ቀጥለው የሚወለዱት ሦስቱ ይድናሉ ማለት አይደለም። በእያንዳንዱ እርግዝና ዕጣው እንደ አዲስ ይጣላል። ይህን ባለመረዳት ከባድ ኀዘን ላይ የሚወድቁ ወላጆች አሉ።

በበለጸጉት አገሮች ትንበያው ከዚህ አልፎ እስከ ዘረ መሉ ፊደል ድረስ ይሄዳል። ለምሳሌ ብዙ ከረጢት ከሚያበጀው የአዋቂዎች ሕመም ውስጥ የመጀመሪያው ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ1994፣ ሁለተኛው በ1996 ታወቁ። የመጀመሪያው ክፉኛ የተቆረጠበት ሰው ኩላሊቱ በአማካይ በ55 ዓመት ገደማ ሲደክም፣ የሁለተኛው ዘረ መል ችግር ያለበት ግን እስከ 79 ዓመት ገደማ ይቆያል። ልዩነቱ አንድ ትውልድ ያህል ነው። ሆኖም በአንድ ቤት፣ በአንድ ዓይነት ስሕተት፣ ወንድማማቾች እንኳ እጅግ የተለያየ አካሄድ ሊይዙ ይችላሉ። «ታላቁ በ12 ዓመቱ ስለሞተ ታናሹም በ12 ዓመቱ» የሚለው አነጋገር ሐሰት ነው፤ ከአፋችን ሊወጣ አይገባም።

ደግሞም የሌላ ሕዝብ ትንበያ ለእኛ ልጆች በቀጥታ አይሠራም። ለዚህ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው የተመረመሩበት ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኤፖል 1 በሚባለው ዘረ መል ላይ የሚገኙ ሁለት ለውጦች በአፍሪካ አሜሪካውያን ላይ የሚበዛውን የኩላሊት መድከም በከፍተኛ ደረጃ እንደሚያብራሩ ታወቀ። ለውጦቹ በምዕራብ አፍሪካ የተስፋፉት የእንቅልፍ በሽታን ስለሚከላከሉ ነው። በዚያው ዓመት ከ12 የአፍሪካ ሕዝቦች የተወሰዱ ናሙናዎች ሲመረመሩ ከአራት የኢትዮጵያ ማኅበረሰቦች የመጡ 304 ሰዎች ነበሩበት፤ በእነርሱ ላይ ለውጦቹ አልተገኙም። በእስራኤል ክትትል የሚደረግላቸው ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ትውልዶችም በሌሎች አፍሪካውያን ላይ የሚታየው ልዩ የኩላሊት ጉዳት አልታየባቸውም። «ጥቁር ስለሆነ ኩላሊቱ እንዲህ ይሆናል» ተብሎ የተጻፈ ሠንጠረዥ ለጎጃም ልጅ መለኪያ ሊሆን እንደማይችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም። የተቀረውም የዘረ መል መዝገብ አብዛኛው በአውሮፓውያን ናሙና ላይ የተሠራ ነው። ስለዚህ ላም ሸጦ ናሙና ወደ ውጭ ልኮ «ትርጕሙ ያልታወቀ ለውጥ ተገኘ» የሚል ወረቀት መቀበል የሚያጋጥም ነገር ነው። የዘረ መል ምርመራ ሐኪሙ «ውጤቱ ሕክምናውን ይለውጠዋል» ሲል የሚደረግ እንጂ ለማወቅ ጕጕት ብቻ ንብረት የሚሸጥበት አይደለም።

ደስ የሚለው ግን በወረዳ ደረጃ የሚገኙት አራት ቀላል ነገሮች ከዘረ መሉ ያልተናነሰ መናገራቸው ነው። የሽንት ምርመራ፣ የደም ግፊት፣ ቁመትና ክብደት፣ እንዲሁም ክሬአቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ። በዓለም የታወቁት የሕፃናት ኩላሊት ጥናቶች ሁሉ የልጁን የወደፊት አካሄድ በዋናነት የሚገምቱት ማጣሪያው አሁን ባለበት መጠን፣ በሽንት በሚፈስሰው ፕሮቲንና በደም ግፊቱ ነው።

በክሬአቲኒን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። ክሬአቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ፣ ኩላሊት የሚያጥበው ቆሻሻ ነው። በደም ውስጥ ሲበዛ ማጣሪያው ደክሟል ማለት ነው። በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ ከውጤቱ ጎን «ጤናማ መጠን» ተብሎ የሚታተመው ግን ብዙ ጊዜ የአዋቂ ነው። ልጅ ጡንቻው ትንሽ ስለሆነ ለአዋቂ ጤናማ የሆነው ለእርሱ ጤናማ አይደለም። ለሕፃናት የሚሆን ቀላል ስሌት አለ፤ አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ሽዋርትዝ ያበጀውና እ.ኤ.አ. በ2009 የታደሰው ነው። የልጁ ቁመት በሴንቲ ሜትር በ0.413 ይባዛል፤ ለክሬአቲኒኑ ይካፈላል። ቁመቱ 110 ሴንቲ ሜትር የሆነ ልጅ ክሬአቲኒኑ 0.5 ቢሆን ስሌቱ 91 ገደማ ይሰጣል፤ ደኅና ነው። ክሬአቲኒኑ 1.0 ቢሆን ግን 45 ይሆናል፤ ይህ ማለት ከጤናማው ግማሽ ያህሉ ቀርቷል ማለት ነው። ሆኖም ወረቀቱ ላይ 1.0 «ጤናማ» ተብሎ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል፤ ቤተሰቡም ስለት አግብቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከእናንተ መካከል ቁጥር የሚወድ ወጣት ዲያቆን ካለ ይህን ስሌት ይያዘው። ሐኪም እንዲሆን አይደለም፤ ቁመቱ ያልተለካ ልጅ ሲያይ «ቁመቱ ይለካልን፤ በልጅ መጠን ይሰላልን» ብሎ በአክብሮት እንዲጠይቅ ነው። የደም ግፊቱም እንዲሁ የልጅ ክንድ መጠን ባለው መጠቅለያ መለካት አለበት፤ በአዋቂ መጠቅለያ ሲለካ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይታያል።

ትንበያው ይለወጣል ያልሁትን አሁን ላሳይ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአውሮፓ 385 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሟል። ሁሉም ራሚፕሪል የተባለውን መድኃኒት ይወስዱ ነበር፤ የአንደኛው ቡድን ግፊት ግን ይበልጥ ዝቅ ተደርጎ ተያዘ። በ5 ዓመት ውስጥ ኩላሊታቸው በግማሽ የወረደ ወይም ፈጽሞ የደከመ ልጆች በአንደኛው ወገን ከ100 ወደ 42፣ ግፊቱ ዝቅ በተደረገው ወገን ወደ 30 ነበሩ። ሌላው ደግሞ በአልፖርት ሕመም ላይ በ2012 የታተመው የአውሮፓ መዝገብ ነው። መድኃኒት ያላገኙት በአማካይ በ22 ዓመታቸው የኩላሊት እጥበት ላይ ደረሱ። ኩላሊታቸው ከደከመ በኋላ የጀመሩት 25 ዓመት ላይ። ፕሮቲን በሽንት መታየት እንደ ጀመረ የጀመሩት ግን 40 ዓመት ላይ። ከሁሉም የሚያስደንቀኝ በዚሁ መዝገብ ውስጥ ወንድማማቾች የተነጻጸሩበት ክፍል ነው። በታላቁ ሕመም ምክንያት ታናሹ ቀድሞ ታወቀ፤ ቀድሞም መድኃኒት ጀመረ፤ ከታላቁ 13 ዓመት ዘግይቶ ነው እጥበት ላይ የደረሰው። ለታላቁ የፈሰሰው እንባ ለታናሹ 13 ዓመት ሆነለት ማለት ነው። ኢናላፕሪልን የመሰለው የዚህ ወገን መድኃኒትም ብርቅ አይደለም፤ ለአዋቂዎች የደም ግፊት በየጤና ጣቢያው የታወቀ ነው። ለልጅ መጠኑን የሚወስነው ግን ሐኪም ብቻ ነው፤ በደም ምርመራ ክትትል ይፈልጋል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም።

አሁን ስለ ጠበልና ስለ ጾም ልናገር፤ ይህ ከእኛ በቀር ሌላ ሊናገረው የማይችል ነገር ነውና።

ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን አስተምረዋል። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት የተጻፈውን የምታውቁት ናችሁ። ስለዚህ ጠበል ይከልከል የሚል ቃል ከእኔ አትጠብቁ። የምለው አጠጣጡ በልኩ ይሁን ነው። ሰውነቱ ያበጠና ሽንቱ ያነሰ ልጅ ብዙ ውኃ ቢጠጣ ውኃው መውጫ አጥቶ በሳንባው ላይ ይተኛል። በሌላ ወገን ደግሞ ኩላሊቱ ውኃ መያዝ አቅቶት ሌሊት ደጋግሞ የሚሸና፣ ሁልጊዜ የሚጠማው ልጅ አለ፤ ይህኛው ውኃ ቢከለከል በአንድ ቀን ሊጎዳ ይችላል። ለአንዱ መርዝ የሆነው ለሌላው ሕይወት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ በቀን ስንት ብርጭቆ እንዳዘዘ ይጠየቅ፤ ጠበሉም በዚያ ልክ ውስጥ ይሁን፤ የቀረው በመጠመቅ ይፈጸም። ልጁ ካስመለሰውና ካስቀመጠው ደግሞ ኢናላፕሪል የሚወስድ ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ውኃ በጎደለው ሰውነት ላይ መድኃኒቱ ኩላሊቱን ሊጎዳው ስለሚችል ለጊዜው መቆም ሊኖርበት ይችላል። ሆድ የሚያጥብ ኮሶም ሆነ ሌላ የባህል መድኃኒት ለእንዲህ ያለ ልጅ አይሰጥ። ለራስ ምታት ተብሎ ከሱቅ የሚገዛ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም እንዲሁ።

ጾምን በተመለከተ፣ ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በጾም እንደማይያዙ፣ ሕመምተኛም በንስሐ አባቱ ፈቃድ እንደሚፈታለት ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ችግሩ ያለው ከልጁ ዘንድ ነው። የ9 ወይም የ10 ዓመት ልጅ እኩዮቹ ሲጾሙ እርሱ ሲበላ ያፍራል፤ በድብቅ ይጾማል፤ መድኃኒቱንም «ጾሜን ይገድፍብኛል» ብሎ ይጥላል። የንስሐ አባቱ ልጁን ለብቻው ጠርቶ በራሱ አንደበት «ልጄ፣ መድኃኒትህን ዋጥ፤ ይህ ለአንተ መታዘዝ ነው» ካላለው የእናት ቃል አይበቃውም።

ወደ ገንዘብ ልምጣ። የሰበካ ጉባኤ አባላት በዐውደ ምሕረት ዕርዳታ ስታሰባስቡ ብዙውን ጊዜ የምትጀምሩት ልጁ ከወደቀ በኋላ ነው። የኩላሊት እጥበት በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ይደረጋል፤ በዓመት ከ100 በላይ ማለት ነው፤ በአንድ ጊዜ ስብስብ የሚዘለቅ አይደለም። በዚያ ገንዘብ አንድ አሥረኛ ልጁ ገና ሳይወድቅ በየሦስት ወሩ ለምርመራ የሚሄድበት ትራንስፖርት፣ የመድኃኒቱና የማደሪያው ወጪ ለዓመታት ይሸፈናል። ለዕርዳታ ይህ የማይማርክ እንደሆነ ይገባኛል፤ ፊቱ ያላበጠ ልጅን ፎቶ ይዞ መለመን ይከብዳል። የጤና መድን መዋጮ መክፈል ያቃተው ቤተሰብ ካለ ከዚያ ጀምሩ፤ ምን እንደሚሸፍን በወረዳው ጠይቁ።

ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ተጀምሯል፤ ሰጪው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። የዘር ሕመም የሚከብደው እዚህ ነው። ልሰጥ የሚለው ወንድም ያንኑ ሕመም ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ልትሰጥ የምትለምነው እናት ራሷ የአልፖርትን ዘረ መል ተሸክማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለንቅለ ተከላ ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት ቢቻል ሁሉም ዘመዶች ሽንታቸውና ደም ግፊታቸው ይታይ፤ አልትራሳውንድም ይነሡ። ያኔ የተሳለው የዘር ገጽ ለሁለተኛ ጊዜ ይጠቅማል፤ ከየትኛው ወገን ጤነኛ ሰጪ እንደሚፈለግ ያመለክታልና።

በመጨረሻ የማነሣው የዚያ ገጽ ምስጢርነት ነው። «የኩላሊት ዘር ናቸው» የተባለ ቤት ሴት ልጁን ማን ያገባታል? ሕመሙ በእናት በኩል የሚወርድ ሲሆን ደግሞ ባል «አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ» ብሎ ትዳሩን የሚበትንበት ጊዜ አለ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ኃጢአቱ የማን እንደሆነ ጌታን ሲጠይቁት የራሱም የወላጆቹም አይደለም ብሎ እንደ መለሰላቸው ታውቃላችሁ። ይህን ለባልና ለሚስት አብራችሁ አስቀምጣችሁ ንገሯቸው፤ ለብቻዋ ለእናቲቱ አይደለም። ዘረ መልን ማንም መርጦ አያወርስም፤ እናቲቱም የወረሰችው ከአባቷ ሊሆን ይችላል።

ገጹን የሚጽፈው ቤተሰቡ የመረጠው አንድ ሰው ይሁን። በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ ለሐኪሙ፣ አንዱ በቤተሰቡ ሣጥን። በሰበካ ጉባኤው መዝገብ ውስጥ አይገባም፤ በዐውደ ምሕረትም አይነበብም። ዕርዳታ ሲጠየቅ «የታመመ ልጅ» ይባል እንጂ የሕመሙ ስም አይጠራ። ገና ምንም ያልታየባቸው ታናናሾች ደም ግፊታቸውና ሽንታቸው በዓመት አንድ ጊዜ ይታይ፤ ከዚያ የከበደ ምርመራ ይደረግላቸው ወይስ አድገው ራሳቸው ይወስኑ የሚለውን ወላጆች ከሐኪሙ ጋር ይምከሩበት። ቀጠሮው ከበዓል ወይም ከአዝመራ ጋር ሲጋጭ ልጁን ይዞ የሚሄድ ሰው ከወዲሁ ይመደብ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ቤቱ ሁሉ አውድማ ላይ ስለሚሆን በብዛት የሚቀረው የዚያ ወቅት ቀጠሮ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።